የአፈር ምስክርነት

በደጋ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ውርጭን የሚያውቀው በሰብል ላይ ነው። ጥቅምት ጠብቶ ሰማዩ የጠራ፥ ነፋሱም ጸጥ ያለ እንደ ሆነ፥ አባቶቻችን አመሻሹን ቀና ብለው ይመለከቱና ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ቤት ይገቡ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ማሳው አመዳይ ለብሶ ነጥቶ ይታያል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ትናንት ለምለም የነበረው ባቄላ እሳት እንደ ለበለበው ጠቍሮ ይወድቃል። «ውርጭ መታው» ይባላል። እንግዲህ እኛ በልጅነታችን የምናውቀው፥ ከላይ ወርዶ ቅጠል የሚያቃጥለውን ውርጭ ነበር። ከምድር በታች ገብቶ ድንጋይ የሚያነሣ፥ ቤት የሚያናጋ፥ መንገድ የሚያጐብጥ ሌላ ውርጭ መኖሩን አልሰማንም ነበር።

ይህን ሁለተኛውን ውርጭ ያወቅነው ለትምህርት ባሕር ተሻግረን፥ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው ክፍል በተቀመጥንበት ዘመን ነው። በመጀመሪያው የበረዶ ወራት በመኪና ስንጓዝ፥ ከመንገዱ ዳር «የውርጭ ጕብታ» የሚል ትርጕም ያለው ሰሌዳ ተተክሎ አየን። አንብበን ሳንጨርስ መኪናይቱ እንደ ደነበረች በቅሎ ዘለለች። በሞቃቱ ወራት በዚያው መንገድ ስንመለስ ግን ጕብታው የለም፤ መንገዱ ተዘርግቶ ተኝቷል። የአገሩ ገበሬዎችም በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ ከማሳቸው ድንጋይ ይለቅማሉ፤ አምና ተለቅሞ ያለቀው ማሳ ዘንድሮ እንደ ገና ድንጋይ ያወጣል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ምድሪቱ ድንጋይ ትወልዳለች ቢል አይፈረድበትም።

ምክንያቱን በተጠየቅን ጊዜ፥ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተማሪ፥ መልሱ በእጃችን ያለ መሰለን። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ይጨምራል፤ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ውርጭ ላይ ቢያድር የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለውም ውሃ ረግቶ ሲሰፋ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋዋል ብለን መለስን። መምህራችን ግን ሒሳቡን እንድንሠራው አዘዙን። አንድ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ከመቶ 40 እጁ ውሃ ቢሆን፥ ያም ውሃ አንድ ሳይቀር ቢረጋ፥ የሚነሣው 3 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መንገዱ ግን 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ተነሥቶ ይገኛል። «የቀረውን ማን አመጣው?» አሉን። ዝም አልን።

ለዚህ ጥያቄ የጠራ መልስ ያገኘው፥ በደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሥነ ምድር ሊቅ ስቲቨን ቴበር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) ቴበር በ1929 እና በ1930 ባሳተማቸው ጽሑፎች እንደ ገለጸው፥ አፈሩን ከታች ውሃ እንዲያገኝ፥ ከላይ ግን ቅዝቃዜ እንዲወርድበት አድርጎ ቢያቀዘቅዘው፥ በረዶው በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ተበታትኖ አልቀረም፤ ለብቻው ተሰብስቦ ንጹሕ የበረዶ ንጣፍ ሠራ። ለንጣፉ የሚሆነውም ውሃ ከታች ተስቦ የመጣ ነበር። ቴበር በዚህ ሳይወሰን፥ የተጠራጣሪዎችን አፍ ለመዝጋት ውሃውን አስወግዶ ቤንዚን በሚባለው ፈሳሽ ተካው፤ ይኸውም የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ኬሚስቶች በዚህ ስም የሚጠሩት ሌላው ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ሲረጋ እንደ ውሃ አይሰፋም፤ ይኰማተራል። አፈርን የሚያነሣው የውሃ መስፋት ቢሆን ኖሮ በዚህ ፈሳሽ የራሰ አፈር መነሣት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ተነሣ። በዚህ አንድ ፈተና መስፋት ከክሱ ነጻ ወጣ፤ ዋናው ተከሳሽ ከታች የሚሳበው ፈሳሽ መሆኑ ታወቀ።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ለመረዳት የኩራዝን ክር ማሰብ ይበቃል። ክሩ ጋዙን ሲስብ ማንም ከታች አይገፋለትም፤ ከላይ እየነደደ ባለቀ ቍጥር ከታች ይተካል። አፈርም እንዲሁ ነው። ቅዝቃዜው ሲወርድ፥ በአፈሩ ቅንጣቶች ዙሪያ ያለው እጅግ ስስ የውሃ ሽፋን ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ሳይረጋ ይቈያል። በረዶው ከዚህ ሽፋን እየወሰደ ያድጋል፤ የሳሳው ሽፋን ደግሞ ከታች ካለው እርጥብ አፈር ውሃ ይስባል። እንዲህ እየሆነ በረዶው ንጣፍ በንጣፍ ተደራርቦ አፈሩንና በላዩ ያለውን መንገድ ተሸክሞ ይነሣል። ድንጋዩንም የያዘው አፈር አብሮ ያነሣዋል፤ ከሥሩ በተከፈተው ጕድጓድ ደቃቅ አፈር ይገባበታል፤ በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩ ወደ ቦታው መመለሻ ያጣል። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ይባላል፤ በዚያ አገር ውሃ እያሳሳቀ ያነሣልም።

ስለዚህ ውርጭ መሬትን እንዲያነሣ ሦስት ነገሮች እንደ ሦስት ጕልቻ መገናኘት አለባቸው፤ እነዚህም ቅዝቃዜ፥ የውሃ ምንጭና ለነገሩ የተመቸ አፈር ናቸው። አንዱ ከጐደለ ድስቱ አይጣድም። የአፈሩም ዓይነት የሚያስገርም ነው። የአሸዋ ቀዳዳ ሰፊ በመሆኑ ውሃን እንደ ልብ ያሳልፋል፤ የመሳብ ኃይሉ ግን ደካማ ነው። የሸክላ አፈር በኃይል ይስባል፤ ነገር ግን ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ የሳበው ውሃ ቀስ ብሎ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ደለል ግን የሚበቃውን ያህል ይስባል፥ የሚበቃውንም ያህል ያሳልፋል። ለእርሻ የሚወደደው ይህ ለስላሳ አፈር በውርጭ አገር ለመንገድ ሠሪ ከሁሉ የከፋ ጠላት ነው።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው አርተር ካሳግራንዴ፥ ከ1928 እስከ 1929 በነበረው የበረዶ ወራት በኒው ሃምፕሸር መንገዶች ላይ የተደረገውን ምርመራ መሠረት አድርጎ፥ በ1931 አንድ ቀላል ደንብ አወጣ። ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ቅንጣቶች የተቀላቀሉበት አፈር ከክብደቱ ከመቶ 3 እጅ በላይ ከ0.02 ሚሊ ሜትር የደቀቀ ከሆነ፥ ቅንጣቶቹ እኩያ የሆኑበት አፈር ደግሞ ከመቶ 10 እጅ በላይ እንዲህ የደቀቀ ከሆነ፥ ውርጭ ያነሣዋል ተብሎ ይጠረጠራል። በስዊድንም ጉናር ቤስኮቭ በ1935 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ የከርሰ ምድር ውሃ ጥልቀትና በአፈሩ ላይ ያለው ሸክም በነገሩ ላይ ያላቸውን ሥልጣን አስረዳ። ይሁን እንጂ በቅንጣት መጠን ብቻ የሚሰጠው ፍርድ ጥርጣሬ ነው። እውነቱ የሚገኘው አፈሩን ራሱን ወደ ላቦራቶሪ ጠርቶ በመመርመር ነው።

እኛም የተማርንበት ምርመራ በ1996 በአሜሪካ በወጣው ደንብ የሚደረገው ነበር። አፈሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመትና ወርድ ባለው ክብ ቅርጽ ይጠቀጠቃል፤ ውሃ እስኪጠግብ ይጠጣል፤ ከዚያም ውሃ በሚያሳልፍ ሰሌዳ ላይ ይቀመጣል። ከሰሌዳው ሥር በቀጭን የጎማ ቧንቧ ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ይመጣለታል። ቅዝቃዜው ከላይ ብቻ እንዲወርድ ጐኑ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ይሸፈናል፤ በራሱ ላይ ደግሞ ከፍታውን የሚቈጥር መለኪያ ይቆማል። በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይረጋል፥ ሁለት ጊዜ ይቀልጣል። መርጋት ከጀመረ በ8ኛው ሰዓት የሚነሣበት ፍጥነት ይነበባል፤ በቀን ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ ከቁም ነገር አይገባም፤ ከ1 እስከ 2 እጅግ ዝቅተኛ፥ ከ2 እስከ 4 ዝቅተኛ፥ ከ4 እስከ 8 መካከለኛ፥ ከ8 እስከ 16 ከፍተኛ፥ ከ16 በላይ እጅግ ከፍተኛ ይባላል።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። አንድ መንገድ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ከመንደሩ አጠገብ የተቈፈረ አፈር ከመንገዱ ሥር ለመደልደል ይሆን እንደ ሆነ ጠየቀ። ይሆናል ከተባለ ወጪው ይቀላል፤ አይሆንም ከተባለ ጠጠር ከሩቅ ማጓጓዝ ግድ ነው። ምርመራው ለእኛ ተሰጠ። አፈሩን ጠቀጠቅን፤ ውሃ አጠጣን፤ ወደ ማቀዝቀዣው ስናዛውረው ውሃው እንዳይፈስ በጎማው ቧንቧ ላይ ያለችውን ትንሽ መቈንጠጫ ዘጋን። ከዚያም መለኪያውን አቁመን፥ ቅዝቃዜውን ከፍተን፥ ቀናችንን ቈጥረን ጨረስን። በሁለቱም ጊዜ አፈሩ የተነሣው በቀን ከ2 ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነበር። «እጅግ ዝቅተኛ» ብለን ጻፍን። ለጠያቂው የምሥራች የምናደርስ በመሆናችን ደስ እያለን፥ ዓርብ ማታ ጽሑፉን ለፊርማ ከአለቃችን ጠረጴዛ ላይ አኖርነው።

በዚያ ላቦራቶሪ የዕቃ ጠባቂ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ንግግርም አያበዙም። ማታ ማታ ዕቃውን ይወለውላሉ፥ መብራቱን ያጠፋሉ። የዚያን ዕለት ማታ በአጠገባችን ሲያልፉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ውሃው ምን ያህል ጐደለ?» አሉ። ጠርሙሱን አየነው። ውሃው በመጀመሪያው ቀን ምልክት ካደረግንበት ላይ ነበር። ሽማግሌው መቈንጠጫዋን በጣታቸው ነካ አደረጉና መብራቱን ለማጥፋት ሄዱ። ለካስ ዘግተን አልከፈትናትም ኖሯል።

አፈሩ አምስት ቀን ሙሉ በጥም ነበር። ከሦስቱ ጕልቻዎች አንዱን ነጥቀን ድስቱን «አትፈላም» ብለን ፈርደንባታል።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ምክንያት መፈለግ ለሰው አይቸግረውም፤ እኛም ብዙ አገኘን። ጽሑፉ ሰኞ ይፈረማል፤ ነገሩን ከሽማግሌው በቀር የሚያውቅ የለም፤ እርሳቸውም ወሬ አያወጡም። መንገዱ ተሠርቶ ጕብታ ቢያወጣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ኰንትራክተሩን፥ የጐርፍ ቦዩን፥ የዓመቱን ብርድ የሚከስ አይጠፋም። ደግሞም በሰው አገር ስሕተትን መናገር ከአገር ቤት ይልቅ ይከብዳል። የሚያፍረው ራስ ብቻ ሳይሆን የተላክንበት አገር ጭምር ይመስለናልና። ከሁሉ ይልቅ ግን ያባበለን ሐሳብ ይህ ነበር፤ የጻፍነው ቍጥር ሐሰት አይደለም፤ መለኪያው ያነበበውን ነው የጻፍነው፤ አንዲት ነጥብ አልጨመርንም አልቀነስንም እያልን ራሳችንን አጽናናን።

ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን ይኸው ማጽናኛ ያስፈራን ጀመር። በአገራችን ችሎት ፊት የቆመ ምስክር ሊናገር ሲል አፉን ቢይዙት፥ ከዚያም «ምንም አልተናገረም» ብለው ቢጽፉ፥ የተጻፈው ቃል እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ግፍ ነው። እኛ በአፈሩ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። በበረዶው መቅለጫ ወራት በገጠር መንገድ ያየነው ነገርም ትዝ አለን። ምድር የምትቀልጠው አስቀድሞ ከላይ ነው፤ ከሥር ያለው ገና እንደ ረጋ ስለሚቈይ ውሃው መውረጃ አጥቶ ከላይ ይታሰራል፤ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ወራት ከባድ መኪና እንዳያልፍባቸው የሚከለከሉ መንገዶች አሉ። ባለፈው ዓመት አንድ የወተት መኪና እንዲህ ባለው ጭቃ እስከ ጐማው እኩሌታ ሰጥሞ፥ ሹፌሩ ከጐኑ ቆሞ እጁን በብርድ ሲያሻሽ አይተን ነበር። ያ መንደርና ይህ መንደር በምን ይለያሉ?

ሰኞ ማለዳ ከአለቃችን ቀድመን ደረስን፤ የሆነውንም ነገርናቸው። ቍጣም ምስጋናም አላገኘንም። ጽሑፉን መለሱልንና «ከፍታችሁ ድገሙት» አሉን። በቃ፤ ይኸው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ተራራ አድርገን የተሸከምነው ነገር በሁለት ቃል አለቀ።

አዲስ አፈር ጠቅጥቀን እንደ ገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ መቈንጠጫዋን ከፍተን ሦስት ጊዜ ተመለከትናት። በዕለቱ የጠርሙሱ ውሃ ሲጐድል በዓይናችን አየነው፤ በ8ኛው ሰዓት መለኪያው በቀን ከ8 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፍጥነት አነበበ። «እጅግ ዝቅተኛ» ያልነው አፈር «ከፍተኛ» ሆኖ ተገኘ። ለዚሁ ብለን ጠቅጥቀን ያረጋነውን ሌላ ናሙና ከላይ ወደ ታች ስንሰነጥቀው፥ አፈሩና በረዶው በመሶብ እንዳለ እንጀራ በተራ በተራ ተነባብረው ታዩ። በመጀመሪያው ምርመራ የረጋው አፈር እንደዚሁ ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ንብብር አናገኝበትም ነበር።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ደንቡ አፈሩ ከቀለጠ በኋላ የመሸከም ኃይሉን ደግሞ ያስለካል፤ ይኸውም የብረት ዘንግ በላዩ በመጫን ከጥሩ የተፈጨ ድንጋይ ጋር አመዛዝኖ በመቶኛ የሚገለጽ ነው። ከ20 በላይ የሆነ አያሠጋም፤ ከ5 በታች የሆነ ግን ከባድ ሥጋት አለበት። የእኛው አፈር ከ5 በታች ወረደ። ሲነሣ የታየው ጕብታ ከኋላው ይህን የከፋ ድካም ይዞ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ጠጠር ከሩቅ አጓጓዘ፤ ወጪው በዛበት፤ ደስ እንዳላለውም ሰማን። እኛ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አላጣንም።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ወዳጆቻችን ብዙ ጊዜ ይስቁብን ነበር። «አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር የውርጭ ትምህርት ምን ይበጃል?» ይሉናል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ሁለት ነው። ፊተኛው፥ ውርጭ ለአገራችን ምድር ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ ላይ፥ ርዝመታቸው እስከ 1000 ሜትር፥ ስፋታቸውም እስከ 15 ሜትር የሚደርስ፥ በመስመር የተደረደሩ የድንጋይ ሰልፎች አሉ። ሰው አልደረደራቸውም። በ2021 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፥ ከዛሬው ይልቅ እጅግ ብርዳም በነበረው በጥንቱ የበረዶ ዘመን የምድር መርጋትና መቅለጥ የሠራቸው ናቸው። ኒው ኢንግላንድ በገበሬዎች ማሳ ላይ ያየነው የድንጋይ መወለድ በእኛም አገር ጥንት ተፈጽሞ ኖሯል።

ሁለተኛው መልስ ግን ወደ ቤታችን የቀረበ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ሥር ያለው ጥቍር አፈር፥ ዋልካው፥ ለመነሣት ውርጭ አያስፈልገውም፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከክረምት እስከ በጋ ግድግዳ የሚያምሰው፥ በር አልዘጋ የሚያሰኘው እርሱ ነው። በበጋ የደረቀውን ዋልካ በእጁ ይዞ የሚመዝን ሰው ጥንካሬውን አይቶ ድንጋይ ነው ይለዋል። ይህም አፉ የተያዘ ምስክር ነው። ዋልካን የሚመረምር ሰው ውሃ ማጠጣት አለበት፤ ሲያብጥ የሚነሣበትን ልክ መለካት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ይፍረድ። አንድ ወዳጃችን የቤታቸው ግድግዳ በአንድ ወገን ብቻ ተሰንጥቆ ግንበኛውን ሊከሱ ተነሥተው ነበር። ከመካሰሱ በፊት «ውሃው ከየት መጣ?» ብለን ጠየቅናቸው። ከጣራው የሚወርደው የዝናብ ውሃ በዚያ ወገን ብቻ ከመሠረቱ ሥር ይጠራቀም ኖሯል። ግንበኛው ከክስ ዳነ፤ የተሠራው አንድ የውሃ መውረጃ ብቻ ነው።

እነሆ፥ ከዚያ ሩቅ አገር ይዘነው የተመለስነው ዕውቀት ይህች አንዲት ጥያቄ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ቴበርም ራሱ የውርጭን ምሥጢር የገለጠው ብርዱ ቀላል በሆነበት በደቡብ አገር ተቀምጦ ነው፤ የሚጠቅመው በብርድ አገር መኖር ሳይሆን ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ነበርና። ዛሬ በየላቦራቶሪው መለኪያው በኤሌክትሮኒክ ሆኖ በየደቂቃው ራሱ ይመዘግባል። ነገር ግን ቧንቧው የተዘጋ እንደ ሆነ ያ መሣሪያ በየደቂቃው የሚመዘግበው ያንኑ የተጠማ አፈር ዝምታ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከጠረጴዛችን ላይ የሚቀርበው ቍጥርም እንዲሁ ነው፤ ከመፈረማችን በፊት ስለ ትክክለኛነቱ ብቻ ሳይሆን፥ በምን ሁኔታ እንደ ተለካ፥ ሊናገር የሚገባው ነገር ሁሉ እንዲናገር ተፈቅዶለት እንደ ሆነም መጠየቅ ይገባናል።

እነዚያ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ስለዚያ ዓርብ አንድም ቃል አላነሡብንም። እኛ ግን ዛሬም የምርመራውን ክፍል በር ከመዝጋታችን በፊት ተመልሰን ጠርሙሱን እናያለን።